ሦስተኛው እጅ

«ፎቶውን ነው የጠየቅሁሽ፤ አንቺን ማን ፈለገሽ!»

ድምፁ የጭቃውን ግድግዳ አልፎ ሲመጣ አዳም አንዱን ካልሲ አጥልቆ ሁለተኛውን ከአልጋው ሥር እየፈለገ ነበር። የሰው ጓዳ ማዳመጥ አይወድም። ምን ያድርግ ታዲያ፣ በእሱ አልጋና በአከራዩ በእትዬ አገሬ ጓዳ መካከል ያለው ጭድና ጭቃ ብቻ ነው። እሱ ሲያንኮራፋ እሳቸው ይሰሙታል፣ እሳቸው ሌሊት ተነስተው ሲጸልዩ እሱ ይሰማል፤ ተባብለውት ግን አያውቁም። የዛሬው ተናጋሪ ደግሰው ነው፣ የሟች ባላቸው የመሪጌታ እንዳለው የበኩር ልጅ። ከፍላቂት ትናንት ተሳፍሮ፣ ጋሸና ላይ ሚኒባስ ቀይሮ ገባና አቧራውን ሳያራግፍ የቤቱ ካርታ የት እንዳለ ጠየቀ። ነገ ቅዳሜ የአባቱ ሙት ዓመት ነው፤ እሑድ ደግሞ ሽማግሌ ተቀምጦ ቤቱ ለማን ይሁን ሊባል ነው። እንዴት የስልሳ ዓመት ሴት፣ የአባቱን ሚስት፣ «አንቺ» ይላል? አዳም የገዛ እናቱ የተሰደቡ ያህል ፊቱ ጋለ። እትዬ አገሬ ምን እንደሚመልሱ ጠበቀ። «ፎቶው አዳም ጋ ነው፤ ያነሳን እሱ ነው» ሲሉ ሰማና «ያ ረቢ፣ በጠዋቱ!» ብሎ ካልሲ ፍለጋውን ተወው።

ፎቶው እውነትም እሱ ጋ ነው። መሪጌታ ከመሞታቸው ሦስት ወር በፊት ግቢው ውስጥ በር ላይ ካለችው አግዳሚ ተቀምጠው ፀሐይ ሲሞቁ አዲስ ስልኩን ሊሞክር ብሎ ያነሳው ነው። ነጭ ጋቢ ለብሰዋል፣ በቀኝ እጃቸው መቋሚያቸውን ይዘዋል፣ ግራ እጃቸው መቁጠሪያ ላይ ነው። አዳም ሊያነሳ ሲል «ቆይ! አገሬ፣ ነይ አንቺም፤ ብቻዬን ከተነሳሁ የሞትኩ ይመስላል» ብለው ጠሯቸው። እትዬ አገሬ እጃቸው ሊጥ እንደነካው ነው፣ በነጠላቸው ጫፍ ጠረግ ጠረግ አድርገው አጠገባቸው ተቀመጡ። እጃቸውን የት እንደሚያስቀምጡት ሲጠፋቸው ሰውየው ያን እጅ ይዘው ጉልበታቸው ላይ አኖሩትና «በል አሁን አንሳ» አሉት። በእትዬ አገሬ እጅ ላይ ያለው የመስቀል ንቅሳት ከነአረንጓዴው ቁልጭ ብሎ ይታያል። አዳም ከዚያ በኋላ ስንት ሆቴልና ስንት ሠርግ ቢያነሳ እንደዚያ የወጣለት ፎቶ የለም።

በሩ ተንኳኳ። ደግሰው ነው፣ ቡናማ ኮት ደርቦ፣ ፊቱን ታጥቦ ለሰው የተዘጋጀ። ለአዳምስ ትሑት ነበር። «መምህር፣ አንተ በዚህ ሥራ የታወቅህ ነህ አሉኝ። ነገ ድንኳኑ ላይ የምትሰቀል ባነር ናት፤ ሁለት ሜትር በሦስት። ሴትየዋን ቆርጠህ አውጣት። ለአባቴ ጥምጣም አድርግለት፣ የእጅ መስቀል አስይዘው። ቄስ እኮ ነበር። ስሙንም ቀሲስ እንዳለው ብለህ ጻፍ።» አዳም አፉን ሊከፍት ሲል ቀጠለ፦ «ለአንተ ምን አላት! አምስት ደቂቃ ናት። ቤቱ ከእሑድ በኋላ ወደ እኛ ነው የሚዞረው፤ ክፍልህን የሚነካብህ የለም፤ ተግባብተን ነው የምንኖር።» የመጨረሻዋን ነገር ፈገግ ብሎ ነው ያላት፤ ግን አዳም በደንብ ተረዳት። በሦስት ዓመት ውስጥ አራት ክፍል ቀይሯል። ይህች በሺህ ሁለት መቶ ብር የተከራያት ክፍል በላሊበላ ዋጋ የጽድቅ ናት። አዳም አንድ በሽታ አለበት፤ እንቢ ማለት አይችልም። «እሺ» አለ። ካለ በኋላ ነው የቆጨው፤ ሁልጊዜም እንዲሁ ነው።

ሲወጣ እትዬ አገሬ በራቸው ላይ ቆመው ነበር። «እንዴት አደሩ?» አላቸው፣ ዓይኑን ጫማው ላይ አድርጎ። «እግዚሃር ይመስገን። አዳምዬ፣ ዛሬ ዓርብ ነው፣ ምሳህን እዚሁ ና፤ ሽሮ ነው» አሉት። በእሱና በእሳቸው መካከል ያለ ሕግ ነው ይህ፤ በፍስክ ሁለት ገበታ፣ በጾም አንድ ገበታ። ሥጋ ሲሆን እሱ ወደ ራሱ፣ እሳቸው ወደ ራሳቸው፤ ጾም የገባ እንደሆነ ግን የኮምቦልቻው አዳም ሁሴን ከመሪጌታው ሚስት ጋር ከአንድ ሳህን ይጎርሳል። «ዛሬ ሥራ ይበዛብኛል» ብሏቸው ቁልቁለቱን ወረደ። ውሸት አይደለም፤ ግን ውሸት የተናገረ ሰው እንደሚሄደው ነበር የሄደው።

ኮሌጁ ሲደርስ መብራት የለም። መቼም ሲኖር ነው የሚገርመው። ዲዛይን የሚያስተምርበት ክፍል ውስጥ ዘጠኝ ኮምፒውተር አለ፤ አራቱ ይሠራሉ፣ አንዱ ሲመታ ብቻ ይሠራል፣ የቀሩት አቧራ ይጠብቃሉ። ሃያ ሁለት ተማሪ አለው። ያለፈው ሳምንት የቤት ሥራ በይምርሐነ ክርስቶስ በኩል ለተቋቋመ የማር አምራቾች ማኅበር ዓርማ መሥራት ነበር። ወረቀቱን ሰበሰበ፣ ገለጠ፣ ገለጠ፣ ደሙ ፈላ። ሃያ አንዱ የላሊበላ መስቀል ነው! መስቀል ከነፀሐዩ፣ መስቀል ከነተራራው፣ መስቀል በወርቃማ፣ መስቀል በሰማያዊ። ማር የታለ? ንብስ የታለች? እንዳይቆጣ ደግሞ አፉ ታሰረ፤ ነገ «ቲቸር አዳም መስቀል ከለከለ» ቢባልስ? «መስቀሉን ጥሉ አላልኩም፣ ወሏሂ አላልኩም» ብሎ ጀመረ፣ «ገዢው ማር ልግዛ ብሎ መጥቶ ጠበል መስሎት እንዳይሄድ ነው!» ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከኋላ የተቀመጠው ምሥጋናው እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ እኔ ግን ከጉግል ነው ያወረድኩት፤ ጉግል ላይ ያለ ነገር የማን ነው?» አለ፣ አጥንቶ የመጣ ጠበቃ ይመስል። «የሠራው ሰው ነው!» «የሠራውን ሰው እኮ አናውቀውም ቲቸር።» አዳም የመጨረሻውን ወረቀት ገለጠ።

ሃያ ሁለተኛው ሥራ የማኅሌት ነበር። የቄስ ሙሉሃብት ልጅ ናት፣ ፊት ለፊት የምትቀመጥ፣ ስትናገር የማትሰማ። ቀፎ ሥላለች፤ ከላስታ ቤት ጓሮ የተነሳ እውነተኛ ቀፎ፣ ከነእበቱ። ልብ የሚሞላ ሥራ ነው። ጠርዙ ግን አላለቀም፤ በግራ በኩል መስመሩ መንገድ ላይ ቀርቷል። አዳም ደግሞ ጠርዝ ላይ ምሕረት የለውም፤ ተማሪዎቹ በሌለበት «አቶ ጠርዝ» እንደሚሉት ያውቃል። «ማኅሌት፣ ስንቴ ልንገርሽ? ሥራ የሚታወቀው በጠርዙ ነው። ለምን አልጨረስሽውም?» «መብራት ጠፋብኝ ቲቸር።» በቃ! ይቺን ነገር ሲሰማ ነው የሚያብደው። ያልተሠራ የቤት ሥራ ሁሉ፣ የጠፋ ፍላሽ ሁሉ፣ የዘገየ ሁሉ መብራት ነው የጠፋበት። «መብራት ሲጠፋ ሻማ አለ፣ እርሳስ አለ! ሁለተኛ ይህን ሰበብ ከአንድ ሰው አፍ እንዳልሰማ!» ብሎ ጮኸ። ለራሱም ድምፁ በዛበት። እሱ ደግሞ ይህን ሲል የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ በበሩ አንገቱን አስገብቶ «አዳም፣ ያቺን የምረቃ ባነር ዛሬ ጣል አድርጋት፤ ለአንተ ምን አላት!» ብሎት ሄደ።

በዕረፍት ሰዓት ተማሪው ሁሉ ሲወጣ የራሱን ላፕቶፕ ከፈተ፤ ባትሪው አርባ በመቶ ነው። ፎቶውን አወጣና መቁረጥ ጀመረ። በእትዬ አገሬ ትከሻ ዙሪያ፣ በነጠላቸው ጥለት፣ በሻሻቸው ላይ አይጡን ቀስ እያለ አዞረ። አንድ ጊዜ ሲጫን አግዳሚዋ ላይ መሪጌታ ብቻቸውን ቀሩ። «የሞትኩ ይመስላል» ያሉት ነገር ትዝ አለው። እውነትም ሞተዋል። ከሌላ ፎቶ ጥምጣም አምጥቶ ራሳቸው ላይ አሰረ፣ የእጅ መስቀል ፈልጎ ከመቋሚያው ላይ ደርቦ አስያዛቸው። የእትዬ አገሬ እጅ ግን ጉልበታቸው ላይ እንዳለ ቀረ፤ እሱን በጋቢ ለመሸፈን ሥራ ይፈልጋል።

«ቲቸር፣ መሪጌታ እንዳለው አይደሉም እንዴ?» ማኅሌት ናት፤ ቀፎዋን ልትወስድ ተመልሳ ከኋላው ቆማለች። «መስቀል አስያዝካቸው?»

«ቄስ አልነበሩም?»

«ነበሩ። የመጀመሪያ ሚስታቸው ሲሞቱ ሌላ አገቡና ክህነታቸው ፈረሰ። ቄስ ሁለተኛ አያገባም እኮ። መስቀል ያን ቀን አስቀመጡ። አባቴ ሁልጊዜ ያወራል፤ ‘ልመንኩስ ብዬ ነበር፣ አገሬን አየሁና አልቻልኩም’ ብለውታል።» ሳቀችና ሳቋን ወዲያው ዋጠችው። «ጥምጣሙስ ይሁን፤ መሪጌታም ይጠመጥማል። መስቀሉ ግን… መስቀል ካስያዝካቸው እትዬ አገሬን አላገቡም ማለት ነው።»

አዳም ላፕቶፑ ላይ አፈጠጠ። እንግዲህ እሱ ሰው መቁረጥ መስሎት የነበረው ነገር የሠላሳ ሦስት ዓመት ትዳር መፋቅ ነው! ነገ አገሩ ሁሉ ከዚህ ባነር ሥር በልቶ ጠጥቶ፣ እሑድ ሽማግሌው ሲቀመጥ ደግሰው ምን እንደሚል ከወዲሁ ይታየዋል፦ «አባታችን ቄስ ሆነው ነው የሞቱ፤ ሴትየዋ ሠራተኛ ነበረች።» ትናንት ስለ ካርታው የጠየቀውም ለዚሁ ነው። «ተንኮሉን እያት!» አለ ጮክ ብሎ። ማኅሌት የሰደባት መስሏት ወረቀቷን ይዛ ወጣች።

ጁምዓ ሰግዶ ሲወጣም ልቡ አላረፈም። ምሳ አልበላም። የአንድ ሆቴል ሰሌዳ ሊያድስ ቀጠሮ ነበረው፤ ባለሆቴሉ «ቱሪስት ይምጣና» ብሎ መለሰው። ሽቅብ ወጣ፣ ቁልቁል ወረደ፣ የሚያውቀውን ሁሉ ሰላም አለ፣ የማንንም መልስ አልሰማም። ሰባት ሰዓት ላይ መብራት መጣ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደ ሰርክአዲስ ማተሚያ ቤት ገባ። ሰርክአዲስ ፎቶ ኮፒውንም፣ ጉርድ ፎቶውንም፣ የሠርግ ካርዱንም፣ ባነሩንም የምትሠራ ሴት ናት፤ አዳም ከሰዓት በኋላ እሷ ጋ በቁራጭ ይሠራል። «ሰውዬህ ሁለቴ መጥቷል፤ ከፍሏል» አለችው። ሳይቀመጥ ደግሰው ገባ።

አዳም የሚለውን አዘጋጅቶ ነበር። «ጋሼ ደግሰው፣ ይህ መስቀል ነገር፣ ካህናቱ እንዳይቆጡ…» ብሎ ሳይጨርስ ሰውየው ስክሪኑን አየ። ኮፍያውን አወለቀ። ቀረብ ብሎ የአባቱን ጥምጣም በጣቱ ነካ፤ ስክሪኑ ላይ የጣቱ አሻራ ቀረ። «እኔ የማውቀው አባቴ ይህ ነው» አለ፣ ድምፁ ተሰንጥቆ። «አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ጥምጣሙን እኔ ነበርኩ የማቀብለው። ያገባ ዕለት ወደ እናቴ ዘመዶች ፍላቂት ላኩኝ፤ ተማሪ ቤት ‘የፈራሽ ልጅ’ እያሉ ነው ያደግሁ። ታውቃለህ ይህን? አታውቅም።» አዳም ሰውየውን ቀኑን ሙሉ ሲረግመው ውሎ አሁን አሳዘነው። ለሁለቱም ማዘን ደግሞ እንዴት ያለ ጣጣ ነው! ደግሰው ዓይኑን በኮቱ እጅጌ ጠረገና በአባቱ ጉልበት ላይ የቀረውን እጅ ሲያይ ፊቱ ጠነከረ። «ይህችን አጥፋት። አጥፋትና አትማት፤ እኔ በግ ልይ።» ወጣ።

አዳም ተቀመጠ። ከጋቢው ላይ ነጭ ቁራጭ ቀዳና እጁ ላይ ደረበው። አለቀ። አምስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም፤ ጠርዙ ልቅም ያለ፣ ለተማሪ የሚታይ ሥራ። መለሰው፣ እጁ ተመልሶ ወጣ። ደረበው፣ ጠፋ። መለሰው፣ ወጣ። «ምን እያደረግህ ነው?» አለች ሰርክአዲስ። «መብራቱ ሳይሄድ አትም እንጂ! የሰው ገበያ አታበላሽ።» ጥምጣሙን ለልጁ ተወለት፤ ያ የሱ ነው። መስቀሉን አነሳ፤ መቋሚያቸው ብቻ በእጃቸው ቀረ። «ቀሲስ» የሚለውን አጥፍቶ «መሪጌታ» ብሎ ጻፈ። የእትዬ አገሬን ፊት መመለስ ቢችልስ? እጁ እዚያ ድረስ አልደፈረም፤ ክፍሉ ታየችው፣ የክረምቱ ዝናብ ታየው፣ ፈራ። እጃቸውን ግን እንደነበረ ተወው። ማሽኑ ሁለት ሜትር በሦስቱን እየተንጫጫ ተፋው። ጠቅልሎ ለሰርክአዲስ ሰጣትና «ሲመጣ ስጪው» ብሎ ወጣ።

ወደ ቤት ለመሄድ አንድ ሰዓት ፈጀበት፤ የዐሥር ደቂቃ መንገድ ነው። መቼም ሌላ ቤት የለውም። ሲደርስ አሥራ አንድ ተኩል ሆኗል፣ ድንኳኑ ተተክሏል፣ ጎረቤት ሽንኩርት ይከትፋል፣ ደግሰው እንደተጠቀለለ ያመጣውን ባነር የጎረቤት ልጆች ከመግቢያው በላይ ሰቅለውታል። የሚያልፈው ሁሉ በጎን ያየዋል፣ ጥቂት ሄዶ ይመለሳል፣ ቀና ብሎ ደግሞ ያያል። ደግሰው ለግቢው በር ጀርባውን ሰጥቶ በጉን ያስራል፤ አላየውም ገና። ቄስ ሙሉሃብት ከልጃቸው ከማኅሌት ጋር ገቡ። እሑድ ከሚቀመጡት ሽማግሌዎች አውራው እሳቸው ናቸው። ቆሙ፣ መነጽራቸውን አወጡ፣ በመቋሚያቸው ጫፍ እየጠቆሙ ቆጠሩ።

«አንድ መቋሚያ የያዘ። ሁለት መቁጠሪያ የያዘ። ሦስት… ይህ ሦስተኛው እጅ የማን ነው?»

ሽንኩርት መክተፉ ቆመ። ደግሰው ዞረ፣ አየ፣ የበጉን ገመድ እንደያዘ ቀረ። እትዬ አገሬ ከጓዳ ወጥተው በሩ ላይ ነበሩ፤ ባነሩን ገና ያን ጊዜ ማየታቸው ነው። አዩት። ቀኝ እጃቸውን ከነጠላቸው ሥር አውጥተው የራሳቸውን ንቅሳት አዩ፤ ቀና ብለው ደግሞ ያን አዩ።

«የኔ ነው» አሉ።

«እንዴታ፣ አውቄዋለሁ። እንዳለው ታሞ ሦስት ወር ሲተኛ ያጎረሰውን እጅ አጥቼው ነው?» ቄሱ ቀስ ብለው ወደ ደግሰው ዞሩ። «ልጄ፣ እጇ እዚህ ካለ ባለእጇ የት ሄደች?»

ደግሰው ንዴቱን የሚያወርድበት ሰው ፈለገና አዳምን በር ላይ አገኘው። «አንተ! አጥፋት አላልኩህም? ለምን አላጠፋሃትም?»

አዳም ስለ ክህነት ሊናገር ነበር፣ ስለ አግዳሚዋ፣ ስለ ጠርዝ። ከአፉ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«መብራት ጠፋብኝ» አለ።

ከአባቷ ኋላ ማኅሌት ነጠላዋን አፏ ውስጥ ወተፈች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። መብራት ከሰባት ሰዓት ጀምሮ እልም እንኳ እንዳላለ ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ አሁንም የድንኳኑ አምፖል በደግሰው ራስ ላይ ቦግ ብሎ በርቷል። ደግሰው አምፖሉን አየው፣ አዳምን አየው። «ሰኞ ክፍሉን ልቀቅ!»

«የማንን ክፍል ነው የሚለቅ?» አሉ እትዬ አገሬ። ድምፃቸው አልጮኸም፤ ግን ግድግዳ ሳያስፈልገው ለሁሉም ተሰማ። «አከራዩ እኔ ነኝ። እሑድ ሽማግሌ ፊት ጠይቀኝ፤ እመልስልሃለሁ። በግህን እሰር አሁን።» ቄስ ሙሉሃብት ከባነሩ ሥር አግዳሚ ጎተት አድርገው ተቀመጡና «እሑድም እዚሁ ነው የምንቀመጥ፤ ይህ ነገር እንዳይወርድ» አሉ።

እትዬ አገሬ ወደ አዳም ዞሩ። ዓይናቸው ውኃ ሞልቷል፣ ፊታቸው ግን ሊስቅ ነው። «ምሳህን ሳትበላ ዋልክ አይደል? ና ግባ፤ ገና ዓርብ ነው።»